በቤት ተሰውሮ ስለሚያድግ ልጅና ወደ ሐይቅ ስለሚወጣበት መንገድ
በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



ኢዮቤልዩ የሚባለው በዓል ከኦሪት የመጣ ነው። በኦሪት ሕግ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር። በዚያም ዓመት ባሪያ የነበረው አርነት ይወጣል፥ ርስቱን የሸጠው ወደ ርስቱ ይመለሳል፥ ከወገኑ የተለየው ወደ ወገኑ ይገባል። ስለዚህ ኢዮቤልዩን የሚያከብር ሕዝብ ከበሮ ከመምታቱና ድግስ ከመደገሱ አስቀድሞ ራሱን አንድ ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይኸውም «በመካከላችን ገና ያልተፈታ እስረኛ ማን ነው?» ብሎ ነው።

የአምባሰል ሰው እስራትን ከታሪክ ያውቀዋል። ግሸን በግማደ መስቀሉና በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የከበረች፥ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከአራቱ ማዕዘን ሕዝብ የሚጎርፍባት ስፍራ ናት። ነገር ግን እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተብለው በዘበኛ የሚጠበቁባት አምባም ነበረች። እነዚያ ልጆች የታሰሩት ስለ ጥፋታቸው አልነበረም፤ ስለ መወለዳቸው ብቻ ነበረ እንጂ። ያ ሥርዓት ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ዳሩ ግን ስለ መወለዱ ብቻ የሚታሰር ልጅ ዛሬም አልጠፋም። የፊተኞቹ በአምባ ላይ ሲጠበቁ ስማቸውን አገር ሁሉ ያውቀው ነበር፤ የዛሬው ልጅ ግን በጓዳ ተዘግቶ ሲኖር ጎረቤቱ እንኳ መወለዱን ረስቶታል።

ይህ ልጅ ኦቲዝም የሚባለውን ጠባይ ይዞ የተወለደ ነው። ቃሉ የተገኘው «አውቶስ» ከሚለው የጽርእ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም «ራስ» ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በራሱ ውስጥ ብቻ የሚኖር ስለሚመስል ይህ ስም ተሰጠው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. ሊዮ ካነር የሚባል ሐኪም በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ ሲሠራ የ11 ልጆችን ነገር ለይቶ ጽፎ ለዓለም አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሊቃውንት መርምረውታል። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዘወር አይልም፤ ዓይን ለዓይን አይመለከትም፤ ንግግሩ ይዘገያል፥ ወይም ጨርሶ ይቀራል፥ ወይም የሰማውን ቃል መልሶ መላልሶ ይላል። እጁን ያርገበግባል፥ ሰውነቱን ያወዛውዛል። የለመደው ነገር ጥቂት የተለወጠ እንደ ሆነ ይጨነቃል። ለሌላው ሰው ቀላል የሆነ ድምፅ፥ ብርሃን ወይም የልብስ ሻካራነት ለእርሱ ሥቃይ ይሆንበታል። ይህም ሁሉ በሁሉ ላይ በአንድ ልክ አይገኝም፤ አንዱ ብዙ ይናገራል፥ አንዱ ዝም ይላል፤ አንዱ ፊደል በቶሎ ይለያል፥ አንዱ ልብሱን ለመልበስ እስከ ጕልምስናው ረዳት ይሻል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለ2021 ዓ.ም. ባወጣው ግምት ከ127 ሰዎች አንዱ እንዲህ ያለ ነው። እንግዲህ አንድ ሺህ ምእመናን ባሉበት አጥቢያ ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች ይኖራሉ ማለት ነው። በቅዳሴ ሰዓት የማይታዩ ከሆነ የት እንዳሉ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ምክንያቱ ብዙ ሐሰት ተነግሯል። «እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ክፉ ነገር ረግጣ ነው፤ የአባቱ ግፍ ነው፤ መንፈስ ለክፎት ነው» ይባላል። በዚህ የተሳሳተ ያገራችን ሰው ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ የተማሩ ሰዎች እንኳ ለብዙ ዓመታት «ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ስለ ነፈገችው ነው» እያሉ በእናቶች ላይ ሲፈርዱ ኖሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፥ እርሱ ራሱ እንዲህ ያለ ልጅ አባት ነበረና፥ ይህን ክስ የሚያፈርስ መጽሐፍ ጻፈ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ የተደረገው ምርመራ ነገሩ በትውልድ የሚወረስ መሠረት እንዳለው አሳየ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ምርመራ ሁሉ ያንኑ አጸና፤ አእምሮው ገና በማሕፀን ሳለ በሌላ መንገድ መሠራት ይጀምራል እንጂ የእናት ጥፋት ወይም የአስተዳደግ ጕድለት አያመጣውም። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታም አይደለም።

ክርስቲያን ግን ይህን ለመረዳት 1977ን መጠበቅ ባላስፈለገውም ነበር። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ኀጢአቱ የማን እንደ ሆነ ጌታን በጠየቁት ጊዜ፥ የእርሱም የወላጆቹም እንዳይደለ ነገራቸው። ጥያቄው ያን ጊዜ ተመልሷል። ዳሩ ግን ያን ወንጌል በቤተ ክርስቲያን የሰማው ሰው በር ላይ ሲደርስ ያንኑ ጥያቄ በጎረቤቱ ላይ ያነሣዋል። ስለዚህ እናቲቱ ታፍራለች፤ ስላፈረችም ትደብቃለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ፥ በአዲስ አበባ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች ከሚያሳድጉ 102 ሰዎች መካከል ግማሽ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። እነዚህ ልጆቻቸውን ወደ ሐኪም ያወጡት ናቸው፤ ጨርሶ ያላወጡትን ማን ቈጠራቸው?

በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ነገር ቢያስተውል ይገባዋል። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቈጥር የወጣ እንደ ሆነ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። ብቻውን ያጉተመትማል፥ ይወዛወዛል፥ ጣቱን ያጥፋል ይዘረጋል፤ ሰው ሰላም ቢለውም አይሰማም። መንገደኛው ግን «ጋኔን ይዞታል» አይለውም፤ «ቅኔ እየቈጠረ ነውና አትንኩት» ብሎ በቀስታ ያልፋል። የሁለቱ መልክ እንዲህ ሲመሳሰል አንዱ የተከበረበት፥ ሁለተኛው የተሰደበበት ምክንያት ምንድር ነው? የአንዱን ምሥጢር ሰው ስለሚያውቀው፥ የሁለተኛውን ግን ስለማያውቀው ነው።

ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሄደ ሰው ቅኔ ሰማ አይባልም። ልጁ ጆሮውን በእጁ የደፈነ እንደ ሆነ ሰሙ አለመታዘዝ ይመስላል፤ ወርቁ ግን «ይህ ድምፅ ያምመኛል» ማለት ነው። ከእንግዳ እቅፍ ቢሸሽ ሰሙ ጥላቻ ነው፤ ወርቁ «ቀስ በሉልኝ» ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ የመድፍ ድምፅ ሰውነትን እንዴት እንደሚያርድ ያገሩ ሰው ሁሉ በራሱ ዐውቆታል። ለዚህ ልጅ የመኪና ጥሩንባና የድምፅ ማጉያ እንኳ እንደዚያ ሊሆንበት ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህን ነገር ከጓዳ ወደ አደባባይ ካወጡት ሰዎች ስማቸው አስቀድሞ የሚነሣው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። በኢጣሊያና በአሜሪካ ኖረው ወደ አገራቸው ተመልሰው የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፍተው ነበር። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ሆኖ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ስለ ጠፋ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. ኒያ ፋውንዴሽን የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ጆይ የኦቲዝም ማእከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። በኢትዮጵያ ፊደል ድምፆች ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የሚባል የማስተማሪያ ዘዴም አወጡ፤ ፊደላችን እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ መልክ ያለው ነውና ለዝምተኛ ልጅ መሰላል ሊሆነው እንደሚችል አስተዋሉ። ከሥራቸው ሁሉ የሚበልጠው ግን «ይህ ልጄ ነው» ብለው በሕዝብ ፊት መናገራቸው ነው። በ2021 ዓ.ም. ዐረፉ። ከእርሳቸው ሌላ ነህምያ የኦቲዝም ማእከልን ያቋቋሙ ወላጆች አሉ። ዳሩ ግን እነዚህ ቤቶች ያሉት በአዲስ አበባ ነው፤ ከሐይቅ እስከዚያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እስኪደርስ ድረስ በእጅ ያለውን መመልከት ይሻላል። በእጅ ያለው ምንድር ነው? አየሩ፥ ሜዳው፥ ሐይቁና የአጥቢያው ሰው ነው።

ስለ ሐይቁ ያገሩ ሽማግሌዎች የሚነግሩት ትውፊት አለ። በጥንት ዘመን ስፍራው የብስ ሳለ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተፈጸመባት ይላሉ። እግዚአብሔርም ስለ እርስዋ ተቈጥቶ እርስዋ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ የተቀመጠችበትም መሬት ደሴት ሆኖ የእስጢፋኖስ ገዳም ቆመበት ይባላል። ይህን ታሪክ ለልጁ የሚነግር የሐይቅ ሰው፥ በልጅዋ ምክንያት በሐሜት የምትቈስለውን እናት ባየ ጊዜ ነገሩን ሊያስበው ይገባል። በዚህ አገር እናትን መበደል በውሃ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለበት።

አሁን ደግሞ ነገሩ በምሳሌ ይነገር። በውጫሌ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አባትና አንዲት እናት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበራቸው። ልጁ አይናገርም። ከግቢው ወጥቶ አያውቅም። እናቲቱ እርሱን ትጠብቅ ስለ ነበር ከተወለደ ጀምሮ ሥጋ ወደሙ አልተቀበለችም፤ ለልቅሶም ለሠርግም አልሄደችም። አንድ ቀን አባትየው፥ «ልጁን ወደ ሐይቅ ብንወስደውስ?» አለ። እናቲቱም፥ «ሰው ምን ይለናል?» አለችው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ያለን ነገር ምን ጠቀመን?» ብሎ መለሰላት።

በማግስቱ ግን አልተነሡም። እንዲህ ያለው ልጅ ያልተነገረው መንገድ ወጥመድ ይሆንበታልና። አባትየው በከሰል ሥዕል ሣለለት፤ መጀመሪያ ቤት፥ ቀጥሎ መኪና፥ ቀጥሎ ውሃ፥ ቀጥሎ ዳቦ፥ በመጨረሻም ዳግመኛ ቤት። አባቶች ፊደል ለማያውቅ ሕዝብ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ በሥዕል መሙላታቸው ስለዚህ አይደለምን? ልጁ ሥዕሉን ሰባት ቀን አየው፤ በየቀኑም የመጨረሻውን ቤት በጣቱ ነካው። መመለስ እንዳለ ማወቁ ለመሄድ ድፍረት ሰጠው። በነዚያም ቀኖች እግሩን አስለመዱት፤ አንድ ቀን እስከ አጥሩ በር፥ አንድ ቀን እስከ አስፋልቱ፥ አንድ ቀን በቆመ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መውረድ ብቻ።

ቀኑንም መረጡ። የገበያ ቀን አላደረጉትም፥ የንግሥ ቀንም አላደረጉት። መኪናው የአንድ እስላም ጎረቤታቸው ነበረ፤ በወሎ እንደ ተለመደው ጎረቤትየው ምክንያቱን ሳይጠይቅ፥ «ጥሩንባ አልነፋም፥ ቴፑንም እዘጋለሁ» አለ። እናቲቱ ልጁ ሁልጊዜ የሚይዛትን አሮጌ ጋቢ፥ የሚጠጣባትን ጣሳና ከሌላ እህል ሁሉ መርጦ የሚበላውን ዳቦ ያዘች። የአባቱን ስልክ ቍጥርም በእጀ ጠባቡ ውስጥ በክር ሰፋችው።

ወደ ውሃው ከመድረሳቸው በፊት አንድ ነገር ተማማሉ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበ ምኔቶች በቀድሞ ዘመን በነገሥታት ቤት ዐቃቤ ሰዓት የሚባል ማዕርግ ነበራቸው፤ እነዚህም ወላጆች ለዚያ ቀን ዐቃቤ ልጅ ሾሙ። አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ያርፋል፤ ተራው ሲደርስ «ተቀበልሁ» ሳይባል እጅ አይለቀቅም። ይህ ጨዋታ አይደለም። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ ውሃ ይወዳሉ፥ ከሰው ዓይን ተሰውረው መሄድንም ያዘወትራሉ፥ አደጋንም አያውቁም። በአሜሪካ የተደረገው ምርመራ ከቤት ወጥተው ጠፍተው ከሚሞቱት መካከል ብዙዎቹን የሚገድላቸው ውሃ እንደ ሆነ አሳይቷል። የሐይቅ ውሃ ደግሞ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና ከ80 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት ያለው ነው። «ሁላችን እያየነው ነው» የተባለ ልጅ ማንም የማያየው ልጅ ነው።

በደረሱም ጊዜ ወደ ዳሩ አልቸኰሉም። ከሩቅ ቆሙ። ነፋሱ ቄጠማውን ያወዛውዝ ነበር፤ ልጁም ቄጠማውን አይቶ ከእርሱ ጋራ ተወዛወዘ። ወዲያው ግን አንድ ሞተር ብስክሌት እያጓራ አለፈ። ልጁ ጆሮውን ደፍኖ ጮኸ፥ በመሬትም ላይ ወደቀ። መንገደኞች ተሰበሰቡ። አንዱ «ውሃ አፍስሱበት» አለ፤ አንዱ «አማትቡበት» አለ፤ አንዱም «ቢገረፍ ይተው ነበር» አለ። አባትየው ግን ልጁን አልመታውም፥ አልጎተተውም፥ በላዩም ላይ አልጮኸም። ጋቢዋን በራሱ ላይ ጣል አድርጎ በአጠገቡ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አንዲት አሮጊት ወደ እናቲቱ ቀርበው፥ «እታለም፥ ልጁን ምን ነካው?» አሏት። እርስዋም፥ «ድምፅ በዝቶበት ነው እናቴ፤ ጥቂት ፀጥ ቢልለት ይመለሳል» አለች። ከጎረቤት ሰውራው የኖረችውን ነገር ለማታውቃቸው ሰው በአንድ ቃል ተናገረች። አሮጊቲቱም ዞር ብለው፥ «ልጆች፥ መንገዱን ልቀቁለት» ብለው ሰውን በተኑ። ቀኑን ያዳነው ይህ አንድ ቃል ነው።

ልጁ ከብዙ ጊዜ በኋላ ጋቢውን ገለጠ። አባቱ ጠጠር አንሥቶ ወደ ውሃው ጣለ። ልጁም አንሥቶ ጣለ። ውሃው ክብ ሠርቶ ሲሰፋ እስኪጠፋ ድረስ ተመለከተው፤ ዳግመኛም ጣለ። ከጠዋት እስከ ቀትር ሌላ ነገር አላደረገም። አልተናገረም፥ ተአምርም አልሆነም። ሊመለሱ በተነሡ ጊዜ ግን አንድ ጠጠር መርጦ የእናቱን መዳፍ ከፍቶ አስቀመጠላትና እጇን ዘጋው። በዘጠኝ ዓመቱ ለሰው የሰጠው የመጀመሪያ ስጦታ ይህ ነበረ። የምሳሌውም ፍጻሜ ይህ ነው።

ከዚህ ምሳሌ ጥቂት ነገር ይውሰዳል። መንገዱ የሚለካው በርቀቱ አይደለም፤ ልጁ በሰላም ወጥቶ በሰላም በመመለሱ ነው። ሞተሩ ካለፈ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ቢሆን ኖሮ እንኳ ያ ቀን የጠፋ ቀን አይባልም ነበር፤ ለሚቀጥለው ቀን መሠረት ነውና። ስፍራንም መምረጥ ያሻል። የእስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት የነበረ፥ ዛሬ ከየብስ ጋራ የተያያዘ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አትገባበትም። የልጁን ጠባይ የምታውቀው እናቲቱ ከሆነች፥ የመጀመሪያውን ጕዞ ወደ ገዳሙ አድርጎ እናትን በደጅ ማስቀረት ልጁን ያለ አስተርጓሚ እንደ ማግባት ነው። መጀመሪያ ሁለቱ አብረው ሊቆሙበት የሚችሉት ዳርቻ ይሻላል፤ ገዳሙን ከአባቱ ጋራ መሳለም ሲለምድ ይደርሳል። ግሸንም እንዲሁ ናት። መስከረም 21 ቀን ሕዝብ በጠባቡ ዐቀበት ሲጋፋ ይህን ልጅ ይዞ መውጣት በረከትን በሥቃይ መቀበል ነው፤ መስቀሉ ግን ሰው ባልበዛበት ቀንም በዚያው አምባ ነው።

ስለ ጸበልም አንድ ቃል መናገር ይገባል። ጸበል የቤተ ክርስቲያን ሀብት ነው፥ ለዚህም ልጅ አይከለከልም። ዳሩ ግን በጩኸት መካከል ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት በራሱ ላይ ማፍሰስ፥ ከዚያም በፈራና በተንፈራገጠ ጊዜ «መንፈሱ ጮኸ» ማለት፥ ፍርሃትን ከመንፈስ አለመለየት ነው። በእናቱ እጅ፥ ጥቂት በጥቂት፥ እየለመደ ይቀበል። ማሰርና መግረፍ ግን ከጸበል ወገን አይደለም። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ የሚጥል በሽታ ስለሚጨመርባቸው የሐኪም መድኃኒት ይወስዳሉ፤ «ጸበል ጀምሯልና ይተው» ማለት ነፍስን አደጋ ላይ መጣል ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ሲያስተምሩ መንገዱን አሳይተዋል።

እንግዲህ ከዚህ አጥቢያ የሚፈለገው ምንድር ነው? ወርቅም ብርም አይደለም። ሦስት ነገር ነው።

መጀመሪያ፥ የንስሓ አባቶች በየቤቱ ሲገቡ የጓዳውን ልጅ በስሙ ይጠይቁ። «ልጅሽ እንደ ምን አለ?» የሚል ጥያቄ ከካህን አፍ በወጣ ጊዜ «ኀጢአቱ የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያባርረዋል። እህል ለይቶ ስለሚበላው ልጅ ስለ ጾሙም ነገር እናቲቱ በፍርሃት እንዳትጨነቅ ይምከሩዋት።

ሁለተኛ፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ ልጁን ይልመዱት፤ ልጁም ይልመዳቸው። ይህም በአንድ ቀን አይሆንም። በለመዳቸው ጊዜ ግን እናቲቱ በወር አንድ እሑድ እንኳ ቅዳሴ አስቀድሳ፥ ከተወችውም ጊዜ ጀምሮ የናፈቃትን ሥጋ ወደሙ ተቀብላ ትመለሳለች። ልጁም ራሱ ሊገባ የመጣ እንደ ሆነ ከበሮውና የድምፅ ማጉያው ከሚርቅበት ማዕዘን ስፍራ ይሰጠው። በቅዳሴ መካከል ድምፅ ያሰማ እንደ ሆነ ሰው ዞሮ አይየው፤ እርሱም እንደ ችሎታው እያመሰገነ ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛ፥ በዓመት አንድ ጊዜ ንግሥ ባልሆነ፥ ገበያም ባልሆነ ቀን እነዚህ ቤተ ሰቦች አንድ ላይ ወደ ሐይቅ ዳር ይውጡ፤ ለእያንዳንዱም ልጅ ዐቃቤ ይሾምለት። ብቻዋን የምትሄድ እናት ሰው ሁሉ ያያታል፤ ከአጥቢያዋ ሰው ጋራ የምትሄድ እናት ግን እርስዋም ዓለምን ታያለች።

ሐይቅ ከጥንት ጀምሮ የትምህርት አገር ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዚህ ውሃ መካከል ጉባኤ ዘርግተው ከሩቅ አገር የመጡትን ደቀ መዛሙርት ተቀብለው አስተማሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። ወደ ሐይቅ የመጣውን ሁሉ የተቀበለ አገር ከራሱ ጓዳ ወደ ሐይቅ ሊወጣ የሚሻውን ልጅ ሳይቀበል ቢቀር፥ የአባቶቹን ስም በግድግዳ ላይ ጽፎ ሥራቸውን ረሳ ይባላል።

የኢዮቤልዩ ቀንደ መለከት የሚነፋው ለዚህ ነው። ይህ ልጅ የመለከት ድምፅ አይወድም፤ ስለዚህ ለእርሱ ሲሆን በቀስታ ይነፋ። በሩን ከፍቶ ጥቂት ራቅ ብሎ መቆምና ከመውጫው ዞር ማለት ለእርሱ ይበቃዋል።

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ቸርነት፥ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱስ እስጢፋኖስና የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ጸሎት ከዚህ ሕዝብ ጋራ፥ በጓዳም ተሰውረው ካሉት ልጆችና ከሚጠብቋቸው እናቶች ጋራ ይሁን፥ ለዘለዓለሙ አሜን።